ስሌትና ጽሑፍ በአንድ ሴል፦ «ኩንታል» የሚለውን ቃል የት እናስቀምጠው?

አምና ጥር ላይ፣ በደምበጫ በኩል ያለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የበቆሎ ርክክቡን ሊዘጋ ሲል ሒሳብ ሠራተኛዋ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ድምሩን ዜሮ ነው የሚለኝ፤ ነገ ደግሞ ቦርዱ ይሰበሰባል» አለች። የኤክሴል ፋይሉን በቴሌግራም ላከችው። ከፍቼ ሳየው ሥራዋ ጥንቅቅ ያለ ነው፦ የአባላቱ ስም ኤ ኮለም ላይ፣ ቀበሌያቸው ቢ ላይ፣ ያስረከቡት መጠን ሲ ላይ። ሲ2 «14.5 ኩንታል» ይላል፣ ሲ3 «9 ኩንታል»፣ ሲ4 «22 ኩንታል»፣ እስከ 86ኛው አባል ድረስ እንዲሁ። ከሥር =ሳም(ሲ2:ሲ87) ተጽፏል። መልሱ 0።

ኤክሴል አልተሳሳተም። ከቁጥሩ ጎን አንድ ቃል በእጅ ከተጻፈ ሴሉ እንዳለ ጽሑፍ ይሆናል። «ሳም» የሚደምረው ደግሞ ቁጥር ቁጥሩን ነው፤ ጽሑፍ ሲያገኝ ዘሎት ያልፋል። =ሲ2+ሲ3 ብላችሁ በመደመር ምልክት ብትሞክሩት «#ቫልዩ!» ብሎ ስህተቱን ያሳያችኋል። «ሳም» ግን ምንም አይልም። እኔ የምፈራው ይኼንን ዝምታ ነው። ከ86ቱ ሦስቱ ሴሎች ላይ ብቻ «ኩንታል» ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ድምሩ ዜሮ አይመጣም ነበር፤ ትክክል የሚመስል፣ ትንሽ ያነሰ ቁጥር ይመጣና የሦስት ገበሬ እህል ማንም ሳያውቅ ከሪፖርቱ ይወጣል።

ይኼ ማለት መለኪያው አይጻፍ ማለት አይደለም። «14.5» ብቻውን ምንድን ነው? ኩንታል ነው፣ ኪሎ ነው፣ ፈረሱላ ነው? ቦርድ ፊት የሚቀርብ ወረቀት መለኪያ ሊኖረው ግድ ነው። ስለዚህ የሚነሳው ጥያቄ ቃሉ በየትኛው መንገድ ይግባ የሚለው ነው። እኔ መንገዱን የምመርጠው አንድ ነገር ጠይቄ ነው፦ ይኼን ሴል ከእኔ ቀጥሎ የሚያነበው የሰው ዓይን ነው ወይስ ሌላ ፎርሙላ?

ከመቀጠሌ በፊት፦ ፎርሙላዎቹን እዚህ የጻፍኳቸው በአጠራራቸው ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የፎርሙላው ስምና የኮለሙ ፊደል በላቲን ይጻፋሉ፤ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለው አማርኛ ግን እንዳለ በአማርኛ ይገባል። የጥቅስ ምልክቱም ቀጥ ያለው " መሆን አለበት። ከወርድ ወይም ከቴሌግራም ተቀድቶ የመጣ የተጠማዘዘ ጥቅስ ፎርሙላውን ያበላሸዋል።

ከስተም ፎርማት፦ ቃሉ ይታያል፣ ቁጥሩ ይቀራል

ለሰንጠረዥ ኮለም የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይኼ ነው፤ ሌላ የምመርጠው በቂ ምክንያት ሲኖረኝ ብቻ ነው። ሴሉ ውስጥ 14.5 ብቻ ይጻፋል። ከዚያ ኮለሙን መርጣችሁ «ኮንትሮል» እና 1ን ትጫናላችሁ፤ «ነምበር» የሚለው ገጽ ላይ ከዝርዝሩ ታች «ከስተም» አለ፤ «ታይፕ» በሚለው ሳጥን ውስጥ እንዲህ ትጽፋላችሁ፦

#,##0.0" ኩንታል"

ሴሉ «14.5 ኩንታል» ይላል። ጠቅ አድርጋችሁ ከላይ የፎርሙላውን መስመር ብታዩ ግን ያለው 14.5 ብቻ ነው። በጎጃም ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይኼን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም፦ ዓይን የሚያየው ሰሙ ነው፣ ሒሳቡ የሚሠራው በወርቁ ነው። «ሳም» ይደምረዋል፣ ማወዳደሪያው በትክክል ያወዳድረዋል፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ ሲባል 9 ከ14.5 ይቀድማል፣ ፒቮት ቴብል (መረጃን በየምድቡ ጠቅልሎ የሚያሳየው ሰንጠረዥ) ውስጥም እንደ ቁጥር ይገባል። በጉግል ሺትስ «ፎርማት» ውስጥ «ነምበር»፣ ከዚያ «ከስተም ነምበር ፎርማት» ብትሉ ያው አጻጻፍ ይሠራል። ሊብሬኦፊስም እንደዚሁ።

የዚህ መንገድ ትልቁ ሀብት ግን ብዙ ሰው የማይነካው ነው። ፎርማቱ በነጠላ ሰረዝ ሳይሆን በሴሚኮለን (;) እየተከፈለ እስከ አራት ክፍል ይይዛል፦ መጀመሪያ ለአዎንታዊ ቁጥር፣ ቀጥሎ ለአሉታዊ፣ ቀጥሎ ለዜሮ፣ በመጨረሻ ለጽሑፍ። የመጋዘን ሚዛን ለሚይዝ ሰው እንዲህ ይሆናል፦

#,##0.0" ኩንታል";"ጉድለት "#,##0.0" ኩንታል";"ባዶ"

ገቢ 120፣ ወጪ 123.5 ከሆነ ሴሉ «ጉድለት 3.5 ኩንታል» ይላል። ገቢና ወጪ እኩል ሲሆን «ባዶ» ይላል። ከሥሩ ያለው -3.5 እና 0 ነው፤ «ኢፍ» የሚባል ነገር አልተጻፈም፣ የሁሉም መጋዘኖች ድምርም ጉድለቱን ቀንሶ ይመጣል። የመጋዘን ኃላፊ የመቀነስ ምልክት ሳያስተውል ሊያልፍ ይችላል፣ «ጉድለት» የሚለውን ቃል ግን አያልፈውም።

ሁለት ቦታ ላይ ተጠንቀቁ። አንዱ ማጠጋጋት ነው። ፎርማቱን #,##0" ኩንታል" ብላችሁ ከነጥብ በኋላ ያለውን ብታስቀሩ፣ 10.4 ያስረከቡ ሦስት ገበሬዎች እያንዳንዳቸው «10 ኩንታል» ተብለው ይታያሉ፤ ድምሩ ግን 31.2 ስለሆነ «31 ኩንታል» ይላል። በጣቱ የሚደምር ሰው 30 ያገኛል፣ ከዚያ ክርክር ይነሳል። የነጥቡን ቁጥር አሳዩት፣ ወይም በእርግጥ መጠጋጋት ካለበት በ«ራውንድ» እሴቱን ራሱን አጠጋጉት። ሌላው የመለኪያ ለውጥ ነው። በኪሎ የተመዘገበን ነገር በቶን ለማሳየት #,##0.0," ቶን" ይበቃል፤ ከዜሮው በኋላ ያለችው ሰረዝ ለዕይታ ብቻ ለ1000 ታካፍላለች፣ 48,750 ኪሎ «48.8 ቶን» ይሆናል። ለኩንታል ግን ይኼ አይሠራም፤ ኩንታል 100 ኪሎ ነውና፣ ፎርማት በመቶ ማካፈል አይችልም። እዚያ ሌላ ኮለም ላይ =ሲ2/100 ብሎ በእውነት ማካፈል ያስፈልጋል።

የ& ምልክት፦ ለዓረፍተ ነገር

አንዳንዴ የሚፈለገው ኮለም ሳይሆን ዓረፍተ ነገር ነው። ሪፖርቱ አናት ላይ «በጠቅላላው 1,243.5 ኩንታል በቆሎ ከ86 አባላት ተረክበናል» የሚል መስመር ትፈልጋላችሁ እንበል፤ አንድ አባል ሲጨመር መስመሩም አብሮ እንዲለወጥ። ይኼን ፎርማት አይሠራውም፤ & ነው የሚሠራው።

="በጠቅላላው "&ቴክስት(ሳም(ሲ2:ሲ87),"#,##0.0")&" ኩንታል በቆሎ ከ"&ካውንት(ሲ2:ሲ87)&" አባላት ተረክበናል"

«ቴክስት» የሚለውን ለምን ጨመርኩ? & ቁጥሩን ሲለጥፍ የሴሉን ፎርማት አብሮ አያመጣም፤ ራቁቱን ቁጥር ያመጣል። የእያንዳንዱን አባል አማካይ ="አማካይ፦ "&1243.5/86 ብላችሁ ብትጽፉ የሚወጣው «አማካይ፦ 14.4593023255814» ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ቦርድ ፊት ሲቀርብ አይቻለሁ፤ ሰዉ ከአማካዩ ይልቅ ስለ ቁጥሩ ርዝመት ሲያወራ ስብሰባው አለቀ። ="አማካይ፦ "&ቴክስት(1243.5/86,"0.0")&" ኩንታል" ብትሉ «አማካይ፦ 14.5 ኩንታል» ይላል።

በአንድ ሴል ሁለት መስመር ከፈለጋችሁ በመካከል &ቻር(10)& አስገቡና «ራፕ ቴክስት» የሚለውን አብሩ። «ኮንካቲኔት» የሚባለው ፎርሙላ ከ& ጋር አንድ ሥራ ነው የሚሠራው፣ አጻጻፉ ብቻ ይረዝማል። «ቴክስትጆይን» ግን የራሱ ጥቅም አለው፦ ስሞችን በ«፣» እየለየ፣ ባዶ ሴሎችን እየዘለለ በአንድ ሴል ይደረድራል። እሱና «ኮንካት» የመጡት በኤክሴል 2019 ነው፤ የ2010 ወይም የ2013 ኤክሴል ባለበት ኮምፒውተር ላይ ቢከፈቱ «#ኔም?» ይላሉ። ፋይሉ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት የሚሄድ ከሆነ & ይሻላል፤ የትም ይከፈታል።

የ& ዋጋው ግን ከባድ ነው፦ ውጤቱ ጽሑፍ ነው። ይኼን የተማርኩት ሰው ፊት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቢቸና ወዲህ ላለ አንድ ማኅበር የስንዴ ዘር ርክክብ ሺት ሠርቼ ነበር። ሚዛኑ በኪሎ ስለሚመዘገብ፣ በኩንታል ለማሳየት =ሲ2/100&" ኩንታል" ብዬ ዲ ኮለም ላይ አወረድኩት። አጠገቡ ደግሞ ውሉ ለአንድ አባል 10 ኩንታል ስለሚል =ኢፍ(ዲ2>=10,"አሟልቷል","ይቀረዋል") ብዬ ጻፍኩ። ጉባኤው ላይ ዝርዝሩ ሲነበብ ሁሉም አባል «አሟልቷል»። አንድ አባት ከኋላ ተነሡና፣ «ልጄ፣ እኔ ሦስት ኩንታል ነው ያስገባሁት። እንዴት አድርጌ ነው ያሟላሁት?» አሉ። ኤክሴል ጽሑፍንና ቁጥርን ሲያወዳድር ጽሑፍ ሁልጊዜ ይበልጣል፤ «3 ኩንታል» የሚለው ጽሑፍ ከ10ም ከ10,000ም ይበልጣል። እሳቸው እውነተኛ ሰው ባይሆኑ ያ ስህተት ታትሞ፣ ማኅተም ተመቶበት ይወጣ ነበር።

ጽሑፍ የሆነ ኮለም ሲደረደርም «100 ኩንታል» ከ«22 ኩንታል» ይቀድማል፣ «9 ኩንታል» መጨረሻ ላይ ይወርዳል፤ ደርዳሪው የሚያየው የመጀመሪያውን ፊደል ነውና። ፒቮት ቴብል ከመደመር ይልቅ ስንት እንደሆኑ ይቆጥራል። ግራፍ ላይ ሁሉም ዜሮ ሆነው መሬት ይተኛሉ።

ስለዚህ & ስትጠቀሙ ቁጥሩ የራሱ ቤት ይኑረው። ድምሩ ሲ88 ላይ በቁጥርነቱ ይቀመጥ፤ ዓረፍተ ነገሩ ኤ1 ላይ ሆኖ ሲ88ን ይጥራ። ሌላ ስሌት ሲመጣ ሲ88ን ይጠቀም እንጂ ማንም ፎርሙላ ወደ ኤ1 አይሂድ።

መለኪያው ሲለያይ፦ የራሱ ኮለም

የግብዓት ስርጭት መዝገብ ላይ ከላይ ያሉት ሁለቱም አይመቹም። ዩሪያው በ50 ኪሎ ከረጢት ይወጣል፣ ምርጥ ዘሩ በኪሎ፣ ፀረ አረሙ በሊትር። መሬቱን አንዱ በጥማድ ያስመዘግባል፣ ሌላው በሄክታር። እንዲህ ሲሆን ሲ ላይ ቁጥሩ፣ ዲ ላይ መለኪያው ይጻፍ። ለዓይን ያን ያህል አያምርም፣ ለሒሳብ ግን ከሁሉም የጸዳ ነው፤ =ሳምኢፍ(ዲ2:ዲ87,"ሊትር",ሲ2:ሲ87) ብላችሁ የሊትሩን ብቻ መደመር ትችላላችሁ። በከስተም ፎርማት የተጻፈን መለኪያ ግን ምንም ፎርሙላ አያነበውም፤ ለእሱ ቃሉ የለም። አንድ ኮለም ላይ ግማሹን « ኪሎ» ግማሹን « ሊትር» ብሎ መቀባት የማልመክረው ለዚህ ነው፦ «ሳም» ኪሎና ሊትሩን ደባልቆ ይደምረዋል።

የመለኪያ ኮለም ሲኖር የምታስቸግረው አጻጻፍ ናት። አንዱ «ኩንታል»፣ አንዱ «ኩ/ል»፣ አንዱ ከኋላው ክፍት ቦታ ጨምሮ ከጻፈ «ሳምኢፍ» እንደተለያዩ ነው የሚያያቸው። «ዴታ ቫሊዴሽን» ውስጥ «ሊስት» ብላችሁ ቃላቱን በተቆልቋይ ዝርዝር ስጧቸው።

ማስታወሻ ብቻ ለማኖር

መለኪያ ሳይሆን «ይኼ ቁጥር ከየት መጣ» የሚለውን ፎርሙላው ውስጥ ማኖር ስትፈልጉ ትንሽ መንገድ አለች፦ =ሳም(ሲ2:ሲ87)+ኤን("የጥር 20 ሚዛን ገና አልገባም")። «ኤን» ጽሑፍ ሲሰጠው ዜሮ ይመልሳል፣ ድምሩ አይነካም፤ ማስታወሻው ሴሉን ጠቅ ያደረገ ሰው ብቻ የሚያየው ነው። ከዚህ በላይ አትጠብቁባት።

ቀን የተለየ ጣጣ አለው

&ን ከቀን ጋር ብታገናኙት ቀኑ ሳይሆን ቁጥር ይወጣል። ኤክሴል ቀንን የሚይዘው በተራ ቁጥር ነውና፤ መስከረም 1 ቀን 2017፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 የዋለው፣ ለእሱ 45546 ነው። ለፈረንጁ ቀን «ቴክስት» ያስተካክለዋል። ለእኛ ቀን ግን አያስተካክለውም፤ ኤክሴል ስናስገባ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን 5ን 5/13/2016 ብላችሁ ብትጽፉ፣ ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተዘጋጀ ያለ ምንም ጥያቄ ሜይ 13 ብሎ ይመዘግበዋል። እኔ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ኮለም በቁጥር አስመዘግባለሁ፤ ለሚታተመው =ኢ2&"/"&ኤፍ2&"/"&ጂ2 ብዬ በአራተኛው አገናኛለሁ። መደርደር ሲያስፈልግ በሦስቱ ቁጥሮች ይደረደራል። እዚህ & ያለ ሥጋት ይሠራል፤ ያን አራተኛ ኮለም ከሰው ዓይን በቀር የሚያነበው የለምና።

ፋይሉ ከኤክሴል ሲወጣ

ምርጫው ብዙ ጊዜ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ለአባላት ደብዳቤ ወይም ደረሰኝ በወርድ «ሜይል መርጅ» ስታወጡ ከስተም ፎርማቱ አብሮ አይሄድም፤ ወርድ የሚቀበለው ወርቁን ብቻ ነው። «ብር 1,250.50» ብላችሁ ያሳመራችሁት 1250.5 ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ለደብዳቤ የሚሆን አንድ ተጨማሪ ኮለም ="ብር "&ቴክስት(ኢ2,"#,##0.00") ብላችሁ አዘጋጁ። ደብዳቤ የመጨረሻ ማረፊያ ነው፣ ከዚያ ወዲያ የሚሰላ ነገር የለም።

ፋይሉን ለሌላ ሲስተም ሲኤስቪ (እሴቶቹን በሰረዝ እየለየ የሚይዝ ተራ የጽሑፍ ፋይል) አድርጋችሁ ስታስቀምጡ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ኤክሴል ወደ ሲኤስቪ የሚጽፈው የሚታየውን ነው፤ «14.5 ኩንታል» የሚታይ ከሆነ «14.5 ኩንታል» ተብሎ ይሄዳል፣ የሚቀበለው ሲስተም ቁጥር ሲጠብቅ ጽሑፍ ያገኛል። ከማስቀመጣችሁ በፊት ፎርማቱን ወደ «ጄኔራል» መልሱት። አማርኛ ስሞች ካሉበትም «ዩቲኤፍ 8» የሚለውን የሲኤስቪ ዓይነት ምረጡ፤ አለዚያ የአባላቱ ስም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይደርሳል።

የተበላሸውን ማዳን

ወደ ደምበጫዋ ልጅ ልመለስ። 86 ሴል እንደገና መጻፍ አላስፈለገም። ሲ ኮለምን ብቻ መርጠን፣ በ«ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» « ኩንታል» የሚለውን ከፊቱ ካለው ክፍት ቦታ ጋር ፈልጎ በባዶ እንዲተካ አደረግን። አብዛኛው ወዲያው ወደ ቀኝ ተሰለፈ፤ አሰላለፉን በእጅ ካልነካችሁት ቁጥር ቀኝ፣ ጽሑፍ ግራ ይይዛል፣ ይኼ በዓይን የሚደረግ የመጀመሪያው ፍተሻ ነው። ግራ የቀሩ አራት ነበሩ። ሁለቱ «ኩ/ል» ተብለው የተጻፉ፣ አንዱ «ኩንታል» በሚለው ቃል መካከል ክፍት ቦታ የገባበት፣ አንዱ ደግሞ በነጥብ ፈንታ «፡» የተጻፈበት። እነሱን በእጅ አስተካከለቻቸው። ከዚያ ኮለሙን ስትመርጠው ከታች በቀኝ በኩል ባለው መስመር ላይ ድምሩ ብቅ አለ፤ ጽሑፍ ሆኖ ሳለ እዚያ የሚታየው ብዛቱ ብቻ ነበር።

ከስተም ፎርማቱን ጫንን፣ አናቱ ላይ የ& ዓረፍተ ነገሩን አስቀመጥን። ማጣሪያም ጨመርን፦ «ዴታ ቫሊዴሽን» ውስጥ «ዴሲማል» ብለን ከዜሮ ጀምሮ ቁጥር ብቻ እንዲቀበል። ይኼ የሚያግደው በእጅ የሚጻፈውን ነው፤ ከሌላ ፋይል ተቀድቶ የሚለጠፍን አያግድም፣ ስለዚህ ስትለጥፍ አሰላለፉን እንድታይ ነገርኳት። የስህተት መልእክቱን በራሷ ቃል መጻፍ እንደምትችል ስታውቅ ደስ አላት። አሁን እዚያ ሺት ላይ ማንም «ኩንታል» ብሎ ሲጽፍ የሚወጣለት ይኼ ነው፦ «ቁጥሩን ብቻ ያስገቡ፤ ኩንታል የሚለውን ሺቱ ራሱ ይጨምራል።»